ፍቅር የመቅዳት መብት ይሰጣልን?

ዊኪ ማንኛውም ፈቃደኛ ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ ሌላው የጻፈውን የሚያርምበትና የሚያሰፋበት፣ የእያንዳንዱም እርማት ታሪክ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት የጋራ መዝገብ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ በ1995 ለሙያ ባልደረቦቹ ከከፈተ ወዲህ፣ ይልቁንም ዊኪፒዲያ በ2001 ከተመሠረተ በኋላ፣ አንድን ልብ ወለድ፣ አንድን ተከታታይ ፊልም ወይም አንድን የቪዲዮ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ተሰባስበው ስለ ወደዱት ሥራ መዝገበ ዕውቀት ማዘጋጀትን ልማድ አድርገውታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2003 ስለ ስታር ትሬክ የተጀመረው ሜሞሪ አልፋና በ2005 ስለ ስታር ዋርስ የተጀመረው ዉኪፒዲያ የዚህ ልማድ ታዋቂ ምሳሌዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱንም የገነቧቸው ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ከፍቅር በቀር ሌላ የሚያስገድዳቸው ነገር የሌላቸው አድናቂዎች ናቸው።

በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ በየጊዜው የሚመላለስ አንድ ጥያቄ አለ። አድናቂው ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲጽፍ ደራሲው የተጠቀመበትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ቢያሰፍር፣ የአንድን ትዕይንት ሙሉ ምልልስ ቢገለብጥ፣ ወይም ከሌላ ዊኪ አንድ አንቀጽ ወስዶ ቢለጥፍ ምን አጠፋ? ጥያቄው በመጀመሪያ እይታ የሕግ ይመስላል፤ ሕጉም የራሱን መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ከሕጉ ሥር ሕጉ ብቻውን የማይመልሰው የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው የሌላውን ቃል ከልቡ ስለ ወደደው፣ ስላጠናውና ለሌሎች ለማድረስ ስለ ደከመ በዚያ ቃል ላይ መብት ያገኛልን የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍቅር ስለ አንድ ሥራ ለመናገር በቂ ምክንያት ቢሆንም ሥራውን ለመውሰድ ግን መብት እንደማይሰጥ፣ በዚህም ረገድ የሚፈጸመው ዋና በደል ንብረት ከመንካት ይልቅ የሁለት ሰዎችን ድምፅ ማደባለቅ መሆኑን ማሳየት ነው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታየው በንብረት ዓይን ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንዳስተማረው፣ ሰው የጉልበቱ ባለቤት በመሆኑ ጉልበቱን ያፈሰሰበት ነገር የእርሱ ይሆናል፤ ይህም የሚጸናው ለሌሎች የሚበቃና በመልካምነቱ የማያንስ ነገር እስከ ተረፈ ድረስ ነው። ሎክ ይህን የተናገረው ስለ መሬትና ስለ ፍሬ ቢሆንም ኋላ የመጡ አሳቢዎች ወደ መጽሐፍ አሻግረውታል፤ በ1710 በእንግሊዝ ሥራ ላይ የዋለው የንግሥት አን ሕግም ለአዲስ መጽሐፍ ደራሲ የ14 ዓመት የማሳተም መብት፣ ዘመኑ ሲያልቅ ደራሲው በሕይወት ካለም ሌላ 14 ዓመት ሰጥቷል። ይሁንና የድካም መከራከሪያ ወደ አድናቂዎች ዊኪ ሲመጣ ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። አንደኛ፣ የባለቤትነት ምንጭ ድካም ከሆነ አድናቂውም ደክሟል፤ በሰባት ጥራዝ ውስጥ የተበተነውን የአንድ ገጸ ባሕርይ ታሪክ ለቅሞ በአንድ ገጽ ማደራጀት ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ የተገለበጠ ቃል ከባለቤቱ እጅ አይጠፋም፤ እህል ሲሰረቅ ጎተራው ይጎድላል፣ ዐረፍተ ነገር ሲገለበጥ ግን መጽሐፉ ሙሉ እንደ ሆነ ይኖራል። የንብረት ቋንቋ የበደሉን ጥቂት ክፍል ያስረዳል እንጂ ሁሉን አያስረዳም ማለት ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ያለ ፈቃድ መጻሕፍትን ስለ ማተም በ1785 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ከሌላ ወገን አይቶታል። በእርሱ አስተያየት መጽሐፍ በአንድ በኩል የገዛው ሰው እንደ ወደደ ሊያደርገው የሚችል ቁስ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ግን ደራሲው በአሳታሚው አማካይነት ለሕዝብ የሚያደርገው ንግግር ነው። ያለ ፈቃድ የሚያሳትም ሰው ጥፋቱ ቁሱን መውሰዱ ሳይሆን፣ ደራሲውን ሳይወክለው በደራሲው ስም መናገሩ፣ ማለትም ሌላውን ሰው በገዛ አንደበቱ ያለ ፈቃዱ ማናገሩ ነው። ካንት ከዚሁ ጋር አንድ ሰው የሌላውን መጽሐፍ አሳጥሮ፣ አስፍቶ ወይም ለውጦ በራሱ ስም ቢያወጣው ያ ሥራ የደራሲው ንግግር ስላልሆነ ያለ ፈቃድ እንደ ማተም እንደማይቆጠር ገልጿል። ይህ ልዩነት ለዊኪ ጉዳይ ቁልፍ ነው፤ አድናቂው በራሱ ቃል ሲተርክ የሚናገረው ራሱ ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲገለብጥ ግን የሚናገረው ደራሲው ነው፤ ገጹም ከሁለቱ የትኛው እየተናገረ እንደ ሆነ ለአንባቢው መግለጽ አለበት።

ከካንት ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1793፣ ሌላው ጀርመናዊ ፈላስፋ ዮሐን ጎትሊብ ፊሽቴ ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ፊሽቴ በመጽሐፍ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ያያል፤ የታተመበትን ወረቀት፣ የያዘውን ሐሳብ፣ ሐሳቡም የቀረበበትን መልክ። ወረቀቱ በግዢ ወደ ገዢው ይተላለፋል። ሐሳቡ ከታተመበት ሰዓት ጀምሮ አስቦ ለሚደርስበት ሁሉ የጋራ ይሆናል። የሐሳቡ መልክ፣ ማለትም ቃላቱና የነገሩ አካሄድ፣ ግን ከደራሲው ሊለይ አይችልም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሰው አንድን ሐሳብ የራሱ የሚያደርገው በራሱ አስተሳሰብ መልክ ሲቀርጸው ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ውጤት ከሕግ ያለፈ ነው። የደራሲውን ዐረፍተ ነገር የገለበጠ አድናቂ ሐሳቡን ገና አልተቀበለም፤ በራሱ ቃል ለመተረክ የደከመ ግን ሐሳቡን በእርግጥ አግኝቶታል። በራስ ቃል መጻፍ ቅጣትን ለማምለጥ የሚደረግ ብልሃት ሳይሆን የማስተዋል ማረጋገጫ ነው።

ይህ ክርክር በልብ ወለድ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ልዩ ችግር ይነሣል። በጠቅላላው የሕግ አስተሳሰብ እውነታ የማንም አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊ አንድ ጦርነት የተደረገበትን ቀን ቢያገኝ ቀኑ የእርሱ ንብረት አይሆንም፣ ምክንያቱም ቀኑን አገኘው እንጂ አልፈጠረውም። በልብ ወለድ ዓለም ውስጥ ግን አንድ ገጸ ባሕርይ በዚህ መንደር ተወለደ የሚለው ነገር እውነት የሚሆነው ደራሲው እንዲህ ብሎ ስለ ጻፈ ብቻ ነው፤ ከደራሲው ቃል ውጭ የሚመረመር መንደር የለም። ሳይንፌልድ ከተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ 643 የጥያቄና መልስ ጥያቄዎችን አውጥቶ ባሳተመ መጽሐፍ ላይ በተነሣው ክስ፣ መቀመጫውን ኒው ዮርክ ያደረገው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1998 ይህንኑ መሠረት አድርጎ ነበር የወሰነው። መጽሐፉ እውነታዎችን ብቻ ሰበሰብሁ ቢልም፣ ፍርድ ቤቱ እነዚህ እውነታዎች ራሳቸው የደራሲዎቹ የፈጠራ ውጤት ናቸው ብሎ ለባለመብቶቹ ፈረደ።

የፍርዱ ሐሳብ እስከ መጨረሻው ቢገፋ ስለ ማንኛውም ልብ ወለድ የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ሁሉ ስርቆት ይሆን ነበር፤ ይህ ደግሞ ንባብንም ሆነ ሂስን የሚገድል መደምደሚያ ነው። ነገሩን ወደ ሚዛኑ የመለሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የታየ ሌላ ክስ ነው። ስቲቭ ቫንደር አርክ የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በ2000 ስለ ሃሪ ፖተር መጻሕፍት ሰፊ የመረጃ መዝገብ በኢንተርኔት አቋቁሞ ከፈቃደኛ ረዳቶች ጋር ያዘጋጅ ነበር። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ2004 ይህን መዝገብ በይፋ አመሰገነች፤ በምትጽፍበት ጊዜም አንዳንድ ነገር ለማጣራት ራሷ እንደ ተጠቀመችበት ተናገረች። መዝገቡ በአርዲአር ቡክስ አሳታሚነት መጽሐፍ ሆኖ ሊወጣ ሲል ግን በ2007 መገባደጃ ደራሲዋና የፊልም ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ አሳታሚውን ከሰሱ።

ዳኛ ሮበርት ፓተርሰን በመስከረም 2008 የሰጡት ውሳኔ ለሁለቱም ወገን ትምህርት የያዘ ነው። በአንድ በኩል፣ ደራሲ ስለ ሥራው የሚጻፉ መመሪያዎችንና መዝገቦችን ሁሉ የማገድ መብት እንደሌለው፣ በሰባት ልብ ወለዶች ውስጥ የተበተነውን ነገር በፊደል ተራ አደራጅቶ ለፈላጊ ማቅረብም ከመጀመሪያው ሥራ የተለየ አዲስ ዓላማ ያለው መሆኑን ተቀብለዋል። በሌላ በኩል፣ መጽሐፉ የደራሲዋን ልዩ አገላለጽ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንደ ወሰደ፣ ይልቁንም በመጠናቸው አነስተኛ ከሆኑት ሁለት ተጓዳኝ መጻሕፍቷ አብዛኛውን እንዳሰፈረ በማረጋገጥ እንዳይታተም ከለከሉ፤ ለሰባቱ ልብ ወለዶችና ለሁለቱ ተጓዳኝ መጻሕፍትም ለእያንዳንዳቸው ሕጉ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ካሳ 750 ዶላር፣ በድምሩ 6,750 ዶላር ወሰኑ። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዳኛው የልክ ማጣቱን ምክንያት ሲገምቱ የሰጡት አስተያየት ነው፤ አዘጋጁ የመጻሕፍቱ ጽኑ አድናቂ ስለ ሆነ ሳይሆን አይቀርም ውብ ሆኖ ያገኘውን አገላለጽ ስለ ውበቱ ብቻ ከመውሰድ ራሱን መግታት ያልቻለው ብለዋል። በዚህ አመለካከት ፍቅር የጥፋቱ ሰበብ ሊሆን ይችላል እንጂ ማስተሰረያው አይደለም። አዘጋጁ ከዚያ በኋላ ሥራውን ከልሶ፣ የራሱን አስተያየት ጨምሮ በ2009 መጀመሪያ አሳተመው፤ የተከለከለው መናገሩ ሳይሆን በሌላው ቃል መናገሩ እንደ ነበር ይህ ራሱ ያስረዳል።

ከኅትመት ዘመን በፊት የነበረው ዓለም መቅዳትን በዚህ መንገድ አያየውም ነበር። በኢትዮጵያ የብራና ባህል መጽሐፍ መገልበጥ የሚያጸድቅ ሥራ ነበር፤ ቁም ጸሐፊው በመጽሐፉ መጨረሻ የራሱንና ያጻፈውን ሰው ስም አስፍሮ አንባቢው እንዲጸልይላቸው ይለምናል እንጂ ድርሰቱ የእኔ ነው አይልም። በብዙ ብራናዎች ላይ የሚገኘው ውግዘት የሚያነጣጥረው መጽሐፉን በሚሰርቅና ጽሑፉን በሚፍቅ ሰው ላይ ነው፤ በሚቀዳው ላይ አይደለም። ሆኖም ውግዘቱ እያለ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ጥቂት አይደሉም። ይህ ልማድ በሚገባ ሲመረመር በመቅዳትና በመፋቅ መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል፤ የሚቀዳ ሰው ቃሉን ያበዛል፣ የሚፍቅ ሰው ግን ቃሉ ከማን እንደ መጣ የሚያስረዳውን ምስክር ያጠፋል። በዊኪ ገጽ ላይ ያለ ትእምርተ ጥቅስና ያለ ምንጭ የተለጠፈ አንቀጽ በመልኩ መቅዳት ቢመስልም በግብሩ መፋቅ ነው።

የአንድምታ ትርጓሜም በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ሥርዐት አለው። አንድምታ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የቅዱሳት መጻሕፍትን ንባብ እየጠቀሱ፣ አንዱን ቃል አንድም እያሉ በብዙ መንገድ የሚፈቱበት የትርጓሜ ስልት ነው። በዚህ ስልት ንባቡ በግእዝ፣ ፍቺው በአማርኛ ስለሚቀርብ የተጠቀሰው ቃልና የተርጓሚው ቃል በቋንቋ ጭምር ይለያያሉ፤ ተማሪውም የመጽሐፉ ቃል የት እንዳበቃና የመምህሩ ቃል የት እንደ ጀመረ ሊስት አይችልም። ንባቡ የሚጠቀሰው ደግሞ ስለሚፈታ ነው፤ ጥቅሱ ለፍቺው መነሻ ይሆናል እንጂ የፍቺውን ቦታ አይወስድም። ከጥቅሱ በኋላ የራሱ ቃል የሌለው የዊኪ ገጽ ንባቡን ብቻ አሰምቶ ፍቺውን የነሣ መምህር ነው።

ስምን የመጠበቅ ግዴታ በሌሎች ሃይማኖታዊ ባህሎችም ጎልቶ ይታያል። በእስልምና የሐዲስ፣ ማለትም ስለ ነቢዩ ሙሐመድ የሚተላለፈው ትውፊት፣ ጥናት አንድ ቃል የሚመዘነው በኢስናዱ፣ ማለትም ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ በሚገልጸው የተቀባዮች ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ የተቆረጠ ቃል መልእክቱ ቢያምርም ተአማኒነቱ ይጎድላል። በ1505 ያረፈው የካይሮው ሊቅ አስ-ሱዩጢም በደራሲና በሌባ መካከል ስላለው ልዩነት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል። የአይሁድ መምህራን ደግሞ ንግግርን በተናጋሪው ስም ማቅረብ ለዓለም መዳንን እንደሚያመጣ ሲያስተምሩ፣ በመጽሐፈ አስቴር ንግሥቲቱ አስቴር፣ መርዶክዮስ የደረሰበትን በንጉሡ ላይ የተጠነሰሰ ሴራ በእርሱ ስም ለንጉሡ መናገሯን በማስረጃነት ያነሣሉ። አስቴር ስሙን ባትጠራ ኖሮ የመርዶክዮስ ውለታ በታሪክ መዝገብ ባልተጻፈ፣ ንጉሡም እንቅልፍ ባጣባት ሌሊት ያን መዝገብ አስነብቦ ባላስታወሰው ነበር። ምንጭ መጥቀስ ከጨዋነት ያለፈ ፍሬ እንዳለው የሚያስረዳ ታሪክ ነው።

እነዚህ ባህሎች የስምን ግዴታ ሲያስተምሩ፣ የሃሪ ፖተር ጉዳይ የልክን ግዴታ ይጨምራል፤ መጽሐፉ ስለ ማን ሥራ እንደሚናገር ለማንም የተሰወረ አልነበረምና ስም መጥራት ብቻውን ነጻ አያወጣም። ዘመናዊው ሕግም ሁለቱን አጣምሮ ይዟል። የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራዎችን ለመጠበቅ በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት አሁን ባለው ይዘቱ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ይኸውም ጥቅሱ ከመልካም ልማድ ጋር ሲስማማ፣ መጠኑም ከዓላማው ሳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም ሲገለጹ ነው። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ተመሳሳይ መርሕ ይከተላል፤ ጥበቃውን ለአገላለጽ እንጂ ለሐሳብ አልሰጠም። መጠን ደግሞ በቃላት ብዛት ብቻ አይለካም፤ ከረጅም ልብ ወለድ አንድ አንቀጽ ጥቂት ሲሆን ከአጭር ግጥም አራት ስንኝ ግን ሥራውን ሁሉ መውሰድ ሊሆን ይችላል።

የዊኪ አሠራር በዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይጨምራል። ብዙዎቹ የአድናቂዎች ዊኪዎች፣ በ2004 ዊኪሲቲስ ተብሎ ተመሥርቶ፣ ኋላም ዊኪያ ተብሎ፣ ዛሬ ፋንደም በሚባለው ድርጅት ሥር ያሉት ጭምር፣ ጽሑፋቸውን ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው ነጻ ፈቃድ ያወጣሉ። ይህ ፈቃድ አንባቢው ጽሑፉን እንዲቀዳና እንዲለውጥ ይፈቅድለታል፤ በምላሹ የጻፉትን እንዲጠቅስ፣ የለወጠውን እንዲያመለክትና በአብዛኛው በዚያው ፈቃድ እንዲያካፍል ይጠይቀዋል። አድናቂው የደራሲውን አንቀጽ ያለ ምልክት በገጹ ላይ ሲለጥፍ፣ የእርሱ ያልሆነውን ነገር ለዓለም ሁሉ በነጻ እንደ ሰጠ ይቆጠራል፤ ከዚያ ገጽ በቅን ልቡና የቀዳ ሦስተኛ ሰውም ሳያውቀው የጥፋቱ ተካፋይ ይሆናል። ትእምርተ ጥቅስ እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ በውስጡ ያለው ቃል ለምስክርነት የቀረበ እንጂ በስጦታው ያልተካተተ መሆኑን ያመለክታልና።

ከዚሁ ጋር፣ አድናቂዎች እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ቅጂ ላይ የሚሰማቸው ቁጣ ራሱ ምስክር ነው። የአንዱ ዊኪ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሳይጠቀስ ሲዛወር፣ የማን ዐረፍተ ነገር መቼ እንደ ተጻፈ የሚያሳየው የእርማት ታሪክ ከቀድሞው ገጽ ጋር ይቀራል፤ የብዙ ሰዎች ድካምም በአንድ ሰው ስም አዲስ ሆኖ ይታያል። ይህን በደል ብለው የሚጠሩ አድናቂዎች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ጽሑፉን ማንም እንዲቀዳ ፈቅደው እንኳ ስማቸው ሲፋቅ የሚያዝኑ ከሆነ፣ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ላልሰጠው ደራሲ ይህን ያህል መጠንቀቅ ይገባቸዋል። በራስ ላይ እንዲደረግ የማይወዱትን በሌላው ላይ አለማድረግ የሚለው ጥንታዊ ሕግ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ባለመብቱ ዝም ካለ ፈቅዷል የሚለው ነው፤ ዝምታ ግን ትዕግሥት እንጂ ዝውውር አይደለም፣ ከላይ የታየው ጉዳይም ምስጋና እንኳ ፈቃድ እንዳልሆነ አሳይቷል። ሁለተኛው ሥራው ለትርፍ አይደለም የሚለው ነው፤ አድናቂው ሳንቲም ባያገኝም ብዙዎቹን ዊኪዎች የሚያስተናግዱ ድርጅቶች ከማስታወቂያ ገቢ የሚያገኙ ሲሆን፣ ድምፅን የማደባለቅ በደልም ቢሆን በገንዘብ አይለካም። ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ በራስ ቃል መተረክ የደራሲውን ሐሳብ ሊያዛባ ይችላልና ለእውነት የሚቀርበው ቃል በቃል መገልበጥ ነው ይላል። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ ትንቢት፣ መሐላ፣ ፍቺው የሚያከራክር ቃል በሚሆንበት ጊዜ አገላለጹ ራሱ ጉዳዩ ስለ ሆነ ፊደሉ ሳይዛነፍ፣ መጽሐፉና ምዕራፉ ተገልጾ ሊጠቀስ ይገባል። ድርጊት በሚሆንበት ጊዜ ግን ማን የት ሄዶ ምን እንዳደረገ ለመንገር የደራሲው ዐረፍተ ነገር አያስፈልግም። በሌላ በኩል ባለመብቶችም ልካቸውን ሊያውቁ ይገባል፤ ስምን፣ ድርጊትንና ሐሳብን ሁሉ አጥሮ አንባቢን ዝም ማሰኘት የደራሲውን ንግግር ሰሚ አልባ ያደርገዋል።

ስለዚህ ፍቅር የመቅዳት መብት ይሰጣልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አይሰጥም የሚል ነው፤ ፍቅር የሚሰጠው የመመስከርን ኃላፊነት ነው። ታማኝ ምስክር የሰማውን ከማን እንደ ሰማ ይናገራል፣ ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው በላይ አይናገርም፣ የራሱን አስተያየትም በሌላው አንደበት አያስገባም። የአድናቂዎችን ዊኪ የሚያዘጋጅ ሁሉ አንድን ጽሑፍ ከማስፈሩ በፊት ቃሉ የማን እንደ ሆነ ይግለጽ፣ የሚጠቅሰውን ያህል ለምን እንደሚጠቅስ ራሱን ይጠይቅ፣ ከጥቅሱ ቀጥሎም ቢያንስ አንድ የራሱን የማስተዋል ዐረፍተ ነገር ይጻፍ። ይህን ማድረግ ያልቻለበትን አንቀጽ ደግሞ ትቶ አንባቢውን ባለቤቱ ወዳስቀመጠበት መጽሐፍ ቢመራው ለደራሲውም ለአንባቢውም ይበጃል።